አንዲት ጥቁር ኳስ ስትጎድል

በእኛ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ተገኝን ሳያውቅ አልወጣም። ኬሚስትሪ ያስተምራል። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከበቡሽ እባላለሁ። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም የምንቀመጠው ጎን ለጎን ነው። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በጾም ቀን ፊት ለፊቴ ሥጋ እየቆረጠ «ነይ ቅመሺ» ይለኛል፤ እኔም መዝሙር ሲያንጎራጉር «ዝም በል፣ ዝናብ ታስቀራለህ» እለዋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረናል። ስለ እሱ ሳወራ አንዳንዴ ድምፄ ከፍ ይላል። የምናደደው ስለምወደው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅም።

ተገኝ የአሪ ልጅ ነው፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገር። እናቱ እማማ አረጋሽ የሠሩትን ድስት ሰው ሁሉ ገዝቶ ይቀቅልበት ነበር፤ እሳቸውን ግን ቤቱ አያስገባም። ደጅ አቁሞ ይከፍላቸዋል። ደርግ በወደቀበት ዓመት ተገኝ አራተኛ ክፍል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድስት ተሸክሞ ወደ ጂንካ ገበያ ሲመጣ፣ ታናሽ ወንድሙ ቦሼ ገና በእናታቸው ጀርባ ይታዘል ነበር። አባታቸው ቀድመው ሞተዋል። በሩን የከፈተላቸው የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ከገበሬው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፣ ከአንድ ጽዋ ተቀበሉ። ስለዚህ በጴንጤነታቸው ስቀልድ እንኳ ይህን አልረሳውም። ለእነሱ ጉባኤው እንደ ሰው የተቆጠሩበት ቦታ ነው። ከዚያ መውጣት ማለት ተመልሶ ደጅ መቆም ነው።

ተገኝ ከኮሌጅ ተመርቆ የመጣው ትምህርት በፕላዝማ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ አካባቢ ነው። ፕላዝማ ያልደረሰባችሁ ወጣቶች ዕድለኞች ናችሁ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣ አስተማሪ ቴሌቪዥን ውስጥ ቆሞ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል። «አልገባኝም» ብትሉት አይሰማም፣ «ቆይ» ብትሉት አይቆምም። እውነተኛው አስተማሪ እንደ ሚዜ ከጎኑ ቆሞ ይጠብቅና መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ደቂቃ ይሰጡታል። መብራት ሲጠፋ ተማሪው ያጨበጭባል።

አንድ ቀን የሞለኪውሎች ቅርፅ የሚባለው ትምህርት ደረሰ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ባለ ቀለም ኳሶች ገጣጥሞ ሲያሽከረክር መብራት ጠፋ። ተገኝ ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ሊሥለው ሞከረ። አንድ ካርቦን መሀል፣ አራት ሃይድሮጅን ደግሞ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ከአርቦሬ የመጣች አሚራ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ይሄ መስቀል ነው?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተገኝ ግን አልሳቀም። ልጅቷ ልክ ናት፤ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው፣ ሞለኪውል ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ማረፊያ ክፍል መጥቶ፣ «ውሸት ነው ያስተማርኳቸው» ሲለኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አንድ ሥዕል እንዲህ የሚያስጨንቀው ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

በዚያው ሳምንት እናቱ ዘንድ ሄዶ የሸክላ ኳስ አዘዘ።

«ምን ሊጠጡበት ነው?» አሉት እማማ አረጋሽ።

«ምንም አይጠጡበትም።»

«ታዲያ ምን ሊቀቅሉበት ነው?»

«ምንም፣ እማዬ።»

ምንም የማይዝ ዕቃ በዕድሜያቸው ሠርተው አያውቁም። ግን ልጃቸው ነው፣ ሠሩለት። ካርቦኖቹን በጭስ አጠቆሯቸው፣ ኦክስጅኖቹን ቀይ ቀቧቸው፣ ሃይድሮጅኖቹን አሳንሰው እንዳሉ ተዉአቸው። ኳሶቹ የሚያያዙት በቀርከሃ ስንጥር ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ሸክላው እሳት ሳይገባ መበሳት አለበት። ያስቸገረው አቅጣጫው ነው። በካርቦን ዙሪያ ያሉት አራቱ ጎረቤቶች የማይዋደዱ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የቻለውን ያህል ርቆ ነው የሚቀመጠው። ይህን ለእናቱ በማዕዘን ልክ ሊነግራቸው አይችልም። ቆይቶ ምድጃቸው ላይ ዓይኑ አረፈ። ከታች ሦስት ጉልቻ፣ ከላይ ድስት፣ መሀል እሳት። «እሳቱ ካርቦኑ ነው፤ ጉልቻዎቹና ድስቱ አራቱ ናቸው» አላቸው። እማማ አረጋሽ ከት ብለው ሳቁና በዚያው ልክ በሱት።

ከዚያ ወዲህ ፕላዝማው እየጮኸ ተማሪው የሚያየው የተገኝን እጅ ሆነ። የእሱና የእኔ ክፍል ግድግዳ ስለሚጋሩ ግጥም ሳስተምር ድምፁ ይመጣብኛል። «ውሃ ጎባጣ ነው! ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ኦሞ የሚባል ወንዝ አይኖርም ነበር!» ይላል። ከሁሉ የሚወደው ግን የሁለቱን አልኮሎች ትምህርት ነው። በቀኝ እጁ ኢታኖል፣ በግራው ሜታኖል። አንዱ ሁለት ጥቁር ኳስ አለው፣ ሌላው አንድ። ጭራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ቀይ ኳስና ከእሷ የተንጠለጠለች አንድ ትንሽ። «ይሄኛው ሰዎች የሚሰክሩበት ነው» ይላል፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ሰውዬ። «ይቺ አንዲት ጥቁር ኳስ ስትጎድል ግን መርዝ ነው።» ተማሪው «ቲቸር፣ አንተ በምን አወቅህ?» እያለ ያሾፍበታል።

ቦሼ ትምህርት አልሆነለትም፤ የማር ነጋዴ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ይሄድና ከበናና ከሐመር ሰዎች ማር ገዝቶ ጂንካ ያመጣል። ሳቂታ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ጠጪም ነበር። ጠጥቶ ሲመጣ እናቱን ያስለቅሳል፣ ሲነቃ ያስቃቸዋል። ኋላ ቤቴል የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፣ የገበሬ ዘር። ልጃቸውን ለሸክላ ሠሪ ልጅ መፍቀዳቸው ራሱ በአሪ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘመዶቻቸው አኩርፈዋቸዋል። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦሼ መጠጥ እንዲተው። በጉባኤ ፊት ቆሞ ተወ። የምር ተወ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ቀይ አፈር ላይ ኦይታ የሚባል የበና ወዳጅ ነበረው። በዚያ አገር ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ሲጠጣ ቅሉ አንድ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ይገጥሙና ሁለት አፍ በአንድ የቅል ከንፈር ላይ አድርገው አብረው ይጎነጫሉ። እንቢ ያለ ሰው «ወዳጄ አይደለህም» እንዳለ ይቆጠራል። ቦሼ ቃል ከገባ ወዲህ ለወራት በቀልድ ሲያመልጥ ቆየ። በዚያ ሐሙስ ግን ኦይታ የበኩር ልጁ ተወልዶለት መጣ። ደስታው ሌላ ነበር። ቅሉ ውስጥ ያለው እንደ ወትሮው የእህሉ መጠጥ ቦርዴ አልነበረም፤ ከጀሪካን የተቀዳ አረቄ ነው፣ አንድ ነጋዴ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ስፒሪት የበረዘው። «ለልጁ» አለ ኦይታ። ቦሼም ለልጁ ብሎ ጉንጩን ገጠመ። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቦሼ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት በተገኝ ቤት ራሱን ፈለጠው፣ ሆዱን ቆረጠው። «ዓይኔ ላይ ጉም አለ» አለ። እማማ አረጋሽ «ወባ ነው» ብለው ኪኒን አስገዙ። የቤቴል አባት የአማቻቸውን መታመም ሰምተው ሊጸልዩለት መጡና ከራስጌው ተቀመጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አልተነሡም። ተገኝ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎንበስ ብሎ፣ «ምን በላህ? ምን ጠጣህ?» አለው። የሽማግሌው እጅ የቦሼ ግንባር ላይ ነበር።

«ውሃ» አለ ቦሼ። «ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት።»

ተገኝ አመነው። ወንድሙ ቃል ገብቷል፣ ቃሉንም ጠብቋል፤ ለምን አያምነውም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው። ማለቱ ቀላል ነው። እስቲ እናንተ እዚያ አልጋ ላይ ተኝታችሁ፣ ያንን እጅ ግንባራችሁ ላይ ተሸክማችሁ፣ «አረቄ ጠጥቻለሁ» በሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከገበያ ስመለስ ወሬ ይዤ መጣሁ። ከቀይ አፈር መንገድ ሁለት ሰዎች ዓይናቸው ጠፍቶ በአይሱዙ ተጭነው ሐኪም ቤት ገብተዋል፤ የሐሙስ ገበያ አረቄ ነው እየተባለ ነው። ይህን በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ለተገኝ ስነግረው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ወደ ቤት ሮጦ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ሽማግሌው ዛሬም ከራስጌው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ እባክዎን ለትንሽ ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» አላቸው። ታላቅ ሰው ከቤቱ ሲያስወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«ቦሼ፣ ማንም የለም። ጠጥተሃል?»

ቦሼ ዓይኑ እንደተከፈተ ነው፣ ግን ሁለታችንንም አያይም። አለቀሰ። «ከኦይታ ጋር» አለ። «አንዴ ብቻ። ለልጁ ብዬ።»

ተገኝ በዚያች ሰዓት ሁሉንም ነገር ያውቅ ነበር። በኋላ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፤ ገዳዩ ሜታኖል ራሱ አይደለም። ጉበታችን ውስጥ አልኮልን የሚቆራርጥ ነገር አለ፣ የሚቆርጠውም ጭራውን ይዞ ነው። የሁለቱ ጭራ አንድ ስለሆነ አይለያቸውም። ኢታኖሉን ሲቆርጥ ሰውነት የሚችለው ነገር ይወጣል። ሜታኖሉን ሲቆርጥ ግን ጉንዳን ሲነድፍ የሚተፋው ዓይነት አሲድ ይወጣል፤ እሱም የሚቀድመው ወደ ዓይን ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ያው መጠጥ ነው፣ ደህናው መጠጥ። እሱ ቀድሞ ቦታውን ከያዘ መርዙ ሳይቆረጥ ቀስ እያለ ከሰውነት ይወጣል። መቅደም ግን አለበት። ዓርብ ጠዋት ቢሆን ይቀድም ነበር።

ሐኪም ቤት አደረስነው። ዶክተር ልዑል ገና ልጅ ነው፤ በእንቅልፍ እጦት ዓይኑ ቀልቷል። ነገሩን ከእኛ በፊት አውቆታል። «በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት እዚህ የለም» አለን። «በዚህ አተነፋፈሱ አርባ ምንጭ አይደርስም። ፋብሪካ ያሸገው መጠጥ አምጡልኝና በአፍ እንስጠው።»

ተገኝ ወደ እኔ ዞረ። «ከበቡሽ፣ ያልተከፈተ መሆን አለበት። የተከፈተ ካመጣሽልኝ አላውቀውም። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ ብታስቀምጪልኝ ግን የቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ።» ቀጥሎም፣ «መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን ሁለቱን ሞዴሎች አምጪልኝ» አለኝ። ከወንድሜ ሰርግ የተረፈ ጂን ቤቴ ነበር፣ ክዳኑ ያልተነካ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜና በዚህ ውፍረት ሮጥኩ።

ስመለስ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ቦሼ ጥርሱን ነክሶ እንቢ ብሏል። «ያጠፋኝ መጠጥ አይደለም እንዴ? እንደገና ከጠጣሁ ደጅ ነው የሚያቆሙኝ» ይላል። እማማ አረጋሽም፣ «ሰይጣን በሰይጣን ይወጣል እንዴ፣ ልጄ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ደሜ ፈላ። «ይጠጣ እንጂ! የምን ስብከት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ነርሷ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ቀሪውን የሰማሁት በበሩ ክፍተት ነው።

ተገኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አንዱን ሞዴል የወንድሙ እጅ ላይ አኖረ።

«ዳስሰው። እማዬ የሠራችው ነው። ስንት ትልቅ ኳስ አለው?»

ቦሼ በጣቱ ፈለገ። ጥቁሩንና ቀዩን አንድ ላይ ቆጥሮ «ሁለት» አለ።

«እሱ ነው ሐሙስ የጠጣኸው። ይሄኛውስ?»

«ሦስት።»

«ይሄ ከበቡሽ ያመጣችው ነው። አሁን ጭራቸውን ያዝ።»

ቦሼ ብዙ ዳሰሰ። «ጭራቸው አንድ ነው» አለ።

«አንድ ነው። ሰውነትህም ልክ እንዳንተ አሁን ዓይን የለውም። ጭራውን ዳስሶ ነው የሚይዘው፤ ያገኘውን ይይዛል። ይሄ ትልቁ ከገባና ቦታውን ከያዘ መርዙ ውጭ ይቀራል። ሌላ ነገር አልልህም። ሰይጣንም አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። ቅርፅ ነው፣ ወንድሜ፤ ቅርፅ ብቻ ነው።»

የቦሼ ትንፋሽ እንደሮጠ ውሻ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር። «እንግዲያው አንተም አብረኸኝ ጠጣ» አለ በመጨረሻ።

ተገኝ ለአፍታ ወደ በሩ ተመለከተ። የጉባኤው ሽማግሌ እዚያ ቆመዋል፣ ተገኝ ደግሞ የመዘምራኑ መሪ ነው። ኩባያውን አነሣ። ጉንጩን ከወንድሙ ጉንጭ ጋር ገጠመና ሁለቱ ከአንድ ኩባያ ጠጡ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያዞሩት ላለማየት ነው፤ እስከ ዛሬ በጉባኤ ላይ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ዶክተሩ ያንን ሁሉ ጠርሙስ እየለካ አጠጣው። ቦሼ ነፍሱ ተረፈች፤ ዓይኑ ግን አልተመለሰም። ተገኝ ያን ቀን አንድ ሌላ ያልተከፈተ ጠርሙስ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ሞተር ሳይክል ተከራይቶ ኦይታን ፍለጋ ወደ በና ሄደ። መንገዱ ሲያልቅ በእግሩ ቀጠለ። የደረሰው ለቅሶ ላይ ነው። ሰዎቹ ጠርሙሱን አይተው መርዶ ሰምቶ ለለቅሶ ያመጣው መስሏቸው ተቀበሉት። እሱም አልነፈጋቸውም።

ወር ያህል አለፈ። አንድ እሑድ ሽሮ ሠርቼ ይዤላቸው ሄድኩ። ቦሼ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ የጎረሰውን አያኝክም፣ ከሥቶ አጥንቱ ቀርቷል። ኦይታ መሞቱን በዚያ ሳምንት ነግረውታል።

«ተገኝ» አለ። «ዓርብ ጠዋት ብናገር ኦይታ ይተርፍ ነበር?»

ተገኝ በፈተና ላይ ለግማሽ ማርክ ከተማሪ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው። «ይሆናል» የሚባል ቃል አያውቅም፤ ነገሩ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው። ጣሪያውን አየ። እኔንም አየ።

«አይተርፍም ነበር» አለ። «ያ ነገር አንዴ ከተጠጣ አለቀ። የመጀመሪያው ቀንም ቢሆን መድኃኒት የለውም።»

«እኔን ግን አጠጣችሁኝና ተረፍኩ።»

«አንተ የተረፍከው ትንሽ ስለጠጣህ ነው። ጂኑ አይደለም ያዳነህ።»

ቦሼ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ እጁን ወደ ትሪው ዘረጋ። ከታመመ ወዲህ ጠግቦ ሲበላ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ውጭ ስንወጣ አፋጠጥኩት። «ዋሸኸው!»

«አዎ።»

«ይተርፍ ነበር?»

«የሚተርፍ ይመስለኛል። ዓርብ ጠዋት ሞተር ብልክ ኦይታ ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር። የቦሼም ዓይን ይተርፍ ነበር።» ከዚያ በቁጣ ወደ እኔ ዞረ፤ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር። «ዓይኑን አጥቷል። ወዳጅህን የገደልከው አንተ ነህ ብዬ ልንገረው? ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ ቃል አዋቂዋ፣ በየትኛው ቃል ልንገረው?»

ቤቴል ዘመዶቿ እየጮኹ አገባችው። ቦሼ ማር ንግዱን አልተወም። ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ይቀምስና ስኳር የተጨመረበትን ይለያል፤ አጭበርባሪ ሁሉ ይፈራዋል። ጨዋታውም ተመለሰ። በየጉባኤው ይመሰክራል፤ ቀይ አፈርም ሆነ አልዱባ ገበያ ቆሞ «መጠጥ ተዉ» ሲል ሰው ይከበዋል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል። «አንዴ ከጠጣችሁ አለቀ! የዚያኑ ቀን ብትናገሩም መድኃኒት የለውም። ይህን የነገረኝ ተራ ሰው አይደለም፣ ወንድሜ ነው፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ!»

ተገኝ ይህን መጀመሪያ የሰማው ከመዘምራኑ መሀል ቆሞ ነው። መዝሙሩ ሲቀጥል እሱ አልዘመረም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ «ዛሬ እነግረዋለሁ» ብሎ ከቤቱ ወጥቷል! አንድ ቀን ሲሄድ ቤቴል ወልዳለች። ሌላ ቀን ሲሄድ ቦሼ ሕፃኑን አቅፎ የልጁን ፊት በጣቱ እየዳሰሰ ይስቃል፤ ስሙንም ኦይታ ብሎታል። ተመልሶ መጣ። ለተማሪዎቹ ግን እውነቱን ያስተምራል፤ ሞዴሎቹን አንሥቶ፣ «ደህናው ከቀደመ ሰው ይድናል፤ ስለዚህ ያኔውኑ ተናገሩ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሩጡ!» እያለ ሲጮህ በግድግዳው ይሰማኛል። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ዓይኑን ያጣውን ሰው የሰማ ግን አይረሳም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እልፍነሽ የምትባል ሴት ከአልዱባ መጥታ ማረፊያ ክፍላችን በር ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች። «መምህር ተገኝ እርስዎ ነዎት?» አለችው። ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«ባሌ ማክሰኞ ገበያ ጠጥቶ መጣ» አለች። «ረቡዕ ጠዋት ነገረኝ፣ አልደበቀኝም። ዓይኔን ጉም ሸፈነው፣ መጠጡ ነው አለኝ። መኪና ቆሞ ነበር፤ ተነሥ ጂንካ እንሂድ አልኩት። እሱ ግን፣ ቦሼ ያለውን አልሰማሽም ወይ፣ የተማረው ወንድሙ መድኃኒት የለውም ብሏል፣ አታንከራትቺኝ፣ ቤቴ ልሙት አለኝ። እኔም ቦሼን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ቀረን። ሞተብኝ።» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «አሁን ወንድሞቹ፣ ብትወስጂው ይድን ነበር፣ አንቺ ነሽ የገደልሽው ይሉኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ከራስዎ አፍ ልስማው ብዬ መጣሁ። እርስዎ ብለዋል፣ አይደል? ብወስደውም አይድንም ነበር፣ አይደል?»

ተገኝ እጁ ላይ የነበረው ጠመኔ ተሰበረ። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ልጮህ ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምጮህ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ዓይኗን ከአፉ አልነቀለችም። እንዲያ ስትጠብቅ ፊቷ የሕፃን ፊት ይመስል ነበር።

«ብያለሁ» አላት። «አይድንም ነበር።»

እልፍነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እፎይ አልኩ» አለች። «ማክሰኞ ገበያ መሀል ቆሜ ነው የምነግራቸው። መምህሩ ራሱ ነግሮኛል እላቸዋለሁ። ለሁሉም ነው የምነግራቸው።»

መኪና እንዳያመልጣት ቸኩላ ወጣች። ተገኝ ሊጠራት እጁን አነሣ፣ አፉንም ከፈተ። የትምህርት ቤቱን ግቢ አቋርጣ ከበሩ እስክትወጣ ድረስ እንዲያ ቆሞ ነበር።